የሐይቁ ውኃ በአባቴ ማሳ ላይ

ጦርነቱ ውጫሌ ሲደርስ ሁላችንም ሸሸን፤ ያልሸሸው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። የቢሮአችንን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ከነጠረጴዛው ተጭኖ ሄዷል። የምለው ባሕር ማዶ ተቀምጦ የእኛን ሰማይ የሚያሰላውን ነው። እኛ ፍራሽና ድስት ተሸክመን በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ ስንጎርፍ፣ ደሴም አላስቀምጥ ብላን ወደ ደብረ ብርሃን ስንሰደድ፣ እሱ ያለ ዕረፍት አምባሰል ላይ ይህን ያህል ዘነበ፣ አፈሩ ይህን ያህል እርጥበት ያዘ እያለ ይሞላ ነበር። ተመልሰን ስንከፍተው አንዲት ሰዓት እንኳ አልጎደለችውም። በእሱ አልፈርድም፤ ማሽን ነው፣ ሥራውን ሠራ። የምቀየመው ሰዎቹን ነው።

ሙያዬ የአየር ጠባይ ነው። አምባሰል ቆላ ተወልጄ፣ ሐይቅ ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ተማርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጣሁና ውጫሌ ተመደብኩ። ለውጥ መጣ የተባለበት ሰሞን ነበር። ያን ጊዜ ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት፣ ተስፋ የማይታደልበት አዳራሽ አልነበረም። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ አጨብጭቤያለሁ፤ ምን ልዋሽ። በዚያው ሰሞን አንድ ፕሮጀክት መጣና እኔም ከባለሙያዎቹ አንዷ ሆኜ ተመረጥኩ። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር፦ እርጥበት አጠር በሆኑ የእርሻ አካባቢዎች የአፈሩን እርጥበት ለመከታተል፣ ዳግም ትንተና የሚባለው የአየር ንብረት መረጃ ይታመናል ወይስ አይታመንም?

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ዳግም ትንተና ማለት ከሳተላይት፣ ከፊኛ፣ ከመርከብና እዚህም እዚያም ካሉ ጥቂት ጣቢያዎች የተለቀመውን መረጃ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር አስማምቶ እንደገና ሲያሰላው ነው። ማንም ያልለካበትን ቦታ ደግሞ ገምቶ ይሞላዋል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ጣቢያ ብርቅ በሆነበት አገር ከምንም ይሻላል። ችግሩ ምድርን በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሸነሽናትና ለእያንዳንዱ አንድ መልስ ብቻ መስጠቱ ነው።

እኛ በደረሰን አራት ማዕዘን ውስጥ የሐይቅን ከተማ ሐይቅ ያሰኘው ውኃ አለ። ጉም የማይለየው የአምባሰል ተራራ አለ። ከእነዚህ ቁልቁል ደግሞ የአባቴ ማሽላ የሚዘራበት፣ ሚያዝያ ላይ አፈሩ በእግር ሲረገጥ እንደ አመድ ቡን የሚለው ቆላ አለ። ኮምፒዩተሩ ሦስቱን ደምሮ አካፍሎ አንድ ቁጥር ያወጣል። በዚህ ሒሳብ የሐይቁ ውኃ ለአባቴ ማሳም ይቆጠርለታል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል፤ የእኛ ሰው ደግሞ እየጠማው ጠጥተሃል ተባለ።

ይህን ጉድለት ከመጀመሪያው እናውቀው ነበር፤ እኔ ብቻ ሳልሆን የቡድናችን መሪም ያውቀው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ውጭ አገር ተምሮ ዶክተር የተባለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ትሑት ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን አያሳስበንም ነበር፤ መለኪያ ስለነበረን። አንዱ የዝናብ መለኪያ በቢሮአችን ግቢ፣ ሌላው ቆላ ባለ ትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ቆሞ ነበር። ኮምፒዩተሩ ቆላው ረጥቧል ሲል የቆላው መለኪያ ጣሳ ባዶውን ይገኛል፤ እኛም ጣሳውን አምነን ኮምፒዩተሩን እናርማለን። መሪያችን በዚህ ደስ ይለው ነበር፤ ማሽኑ የሚሳሳትበትን ካወቅነው ግማሹን መንገድ ሄድን ይል ነበር። እኔም አምነው ነበር።

ከስደት ስንመለስ የቆላው መለኪያ የለም። ትምህርት ቤቱ ምሽግ ሆኖ ከርሟል፤ የቀረው መለኪያው የቆመበት እንጨት ነው። ጣሳውን በኋላ አየሁት። አንዲት የመንደራችን ሴት ከምሽጉ አንስታው በርበሬ ታኖርበት ነበር። መልሽ አላልኳትም፤ ቤቷ ተዘርፎ ሌላ ዕቃ አልቀራትም።

መንደሩ የተዘረፈበት መንገድ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የእኛ ሰው እህሉንም ዘሩንም የሚያኖረው መሬት ቆፍሮ፣ አፉን ደፍኖ፣ አፈር አልብሶ ነው። ታጣቂዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። በየጓሮው ውኃ እያፈሰሱ ቶሎ ሰርጎ የሚጠፋበትን ቦታ ይፈልጉና እዚያ ላይ ይቆፍሩ ነበር። የአባቴም ጉድጓድ የተገኘው በዚሁ ነው። ያን ዓመት የመንደራችንን አፈር በእግራቸው ዞረው ውኃ አፍስሰው የፈተኑት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ከእኛ ፕሮጀክት ማንም አላደረገውም።

በዚያ ላይ በልጉ ቀረ። ቆላ ማሽላ የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው። አባቴ ከዘመድ ለምነው ያገኙትን ዘሩ፤ ጥቂቱ በቀለ፣ የበቀለውም አርሮ ቀረ። ይህ ብቻውን ለእኛ አዲስ አይደለም። ማሽላው ሲከሽፍ ሰዉ ማሳውን ይገለብጥና ሐምሌ ላይ ቶሎ የሚደርስ ዘር፣ ማሾ ወይም ጤፍ፣ ይዘራበታል። አዲሱ ነገር የሚዘራ አለመኖሩ ነበር። ገበያ የሚወጣው ዘር ዋጋው አይቀመስም፤ ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ተበልቷል።

ታናሽ ወንድሜ ሳውዲ ታስሮ ከርሞ ተጠርዞ የመጣ ነው። ከመጣ ወዲህ ከአባቴ ጋር ሞፈር ጨብጦ ነበር፤ ጥሩ ገበሬም ወጥቶት ነበር። በዚያ ዓመት ሐሳቡን ሳይደብቅ ነገረን፤ ለሐምሌ የሚዘራ ከተገኘ እዚሁ ይቀራል፣ ካልተገኘ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ይመለሳል። በጅቡቲ በኩል ማለት በረሃውን በእግር፣ ባሕሩን በጀልባ ማለት ነው። ከመንደራችን በዚያ መንገድ ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች አሉ። እናቴ ጅቡቲ የሚለው ቃል ሲነሳ ተነሥታ ከቤት ትወጣ ነበር።

እርዳታ ሆኖ የመጣ የማሾ ዘር ነበር። ለሁሉም ስለማይበቃ እርጥበት ለጎደላቸው ቀበሌዎች ብቻ እንዲታደል ተወሰነ። እነዚህን ቀበሌዎች ለይቶ እንዲሰጥ የታዘዘው የእኛው ፕሮጀክት ነው። ቆላው መለኪያ የለውም፤ ስለዚህ ከዳግም ትንተናው ካርታ ተሠራ። የደረቀው ቀይ፣ የረጠበው አረንጓዴ ነው። የአባቴ ቀበሌ ሐይቁ ዳር አትክልት እያጠጡ ከሚኖሩት ጋር አንድ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

ካርታውን መሪያችን ፊት ዘርግቼ ስህተቱን አሳየሁት። ራሳችን ስናርመው የኖርነው ስህተት መሆኑን አስታወስኩት። አልካደም። ነገር ግን ዛሬ ጣሳው የለም፣ የባለሙያ ቃል ብቻውን ካርታ አያስቀይርም አለኝ፤ ያውም የቦታው ተወላጅ ቃል። ትንሽ አሰበና አንድ መላ አለ፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው ይጠየቁ። ሐሳቡን ከአፉ ነጠቅሁት ማለት ይቻላል። ሰው ተጠይቆማ እውነቱ ይወጣል ብዬ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አድልዎ እንዳይባል እኔ እንድቀር ተደርጎ ሁለት ጠያቂዎች ከሌላ ቦታ ተልከው ወረዱ።

እዚህ ላይ የአገሬን ሰው ጠባይ መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ዝናብ ራህመት፣ የጌታ ምሕረት ነው። ሰው ደጅህ መጥቶ ዝናቡ እንዴት ነው ሲል መልሱ አንድ ነው፦ አልሐምዱሊላህ። የዘነበ ዕለትም አልሐምዱሊላህ፣ ያልዘነበ ዕለትም አልሐምዱሊላህ። ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም እግዚአብሔር ይመስገን ሳይል ሌላ ነገር አይጀምርም። ከዚህ አልፎ በቆመበት የሚያማርር ሰው የጌታውን ገበና ለመንገደኛ እንደሚያወጣ ይቆጠራል። እንግዳው ገብቶ ሲቀመጥ፣ ቀምሶ ሲጠጣ፣ ስለ ከብቱም ስለ ዘመዱም ተራ በተራ ሲጠያየቅ ይቆይና፣ ልሂድ ብሎ ሲነሣ ነው ባለቤቱ ሊሸኘው ወጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘንድሮስ ተቸግረናል የሚለው። እውነቱ ያለው ሽኝቱ ላይ ነው።

ጠያቂዎቹ አልተቀመጡም። ብዙ ቤት መድረስ ስላለባቸው ታብሌታቸውን ይዘው ቆመው ጠየቁ። አልሐምዱሊላህ ሲባሉ በቂ የምትለዋን ነኩና ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። አባቴ ጋም እንዲሁ ሆነ። እንዲያውም አባቴ እንግዳ ሲያዩ ጨዋታ ስለሚጨምሩ ጌታ አልነፈገንም ብለው መርቀው ሸኟቸው።

ውጤቱ የመጣ ቀን መሪያችን ፊቱ በርቶ ነበር። ኮምፒዩተሩና ገበሬው እንዲህ ተስማምተው አይቶ አያውቅም። ሁለቱን መስመሮች አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ አሳየኝ፤ እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሳቄ መጣ፤ የደስታ አልነበረም። ከዚያ አልሐምዱሊላህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ሰላምታ እንጂ ልኬት እንዳልሆነ፣ በሰላምታ ካርታ እንደማይሠራ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፁ እንዲህ አለኝ፦

"አባትሽም እኮ ከተጠየቁት ውስጥ ናቸው። የአንቺን ልመን የእሳቸውን?"

ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው፤ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁና በማግስቱ ወደ ቆላ ወረድኩ።

አባቴ ማሳው ዳር ነበሩ። ወንድሜ የደረቀውን አገዳ ለከብቶቹ ያጭዳል። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጥ ጀመርኩ። ማሽላው ዓይናቸው እያየ አርሮ ለምን ደህና ነው እንዳሉ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም፤ ማን ምን ጠየቀኝ አሉ። ታብሌት የያዙት ልጆች ስላቸው ጊዜ አስታወሱና ተቆጡ።

"እንግዳ ደጄ መጥቶ ጌታዬን ልክሰስለት? ምን ነክቶሻል አንቺ ልጅ?"

እንግዶች እንዳልነበሩ፣ መልሳቸው ተጽፎ እንደሄደ፣ በዚያ መልስ ምክንያት ቀበሌው ከዘሩ እንደወጣ ነገርኳቸው። አባቴ ከወንድሜ በቀር የሚያዩት ነገር አልነበረም። ወንድሜ ማጨዱን አቁሞ ቀና ብሎ ነበር። ማጭዱን አገዳው ላይ ጥሎ ወደ መንደር ሄደ። አባቴ እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ዘሩ የሚወሰነው የት እንደሆነ፣ የሚሰማ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። ውጫሌ ላይ ኮሚቴ አለ፣ ቅሬታ ይሰማል አልኳቸው።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ስልሳ ዓመት አልፏቸው አንድ ቀን እንኳ በዝናብ ላይ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መጠለያ አልገባም ብለው ቅጠል በልተው የተረፉ ሰው ናቸው፤ ይህን ራሳቸው አያወሩትም፣ እኔም የሰማሁት ከእናቴ ነው። መስጊድ ደርሰው ተመለሱና "እሄዳለሁ፤ ለልጄ ብዬ ነውና ይቅር ይለኛል ኢንሻአላህ" አሉ። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ተደሰትኩ።

የኮሚቴው ቀን አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አጥልቀው ከዋናው መንገድ በባጃጅ መጡ። አዳራሹ ከየቀበሌው በመጣ ሰው ሞልቷል። ከፊት የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጎኑ መሪያችን ተቀምጠዋል። የአባቴ ተራ ሲደርስ ቆሙና አሰላሙ አለይኩም አሉ፤ አዳራሹን መረቁ፤ አገሩን መረቁ፤ ሰላም እንዲወርድ ዱዓ አደረጉ። ረዘመ። እንደ ልማዳቸው አልሐምዱሊላህ ብለው እንዳይቀመጡ ፈርቼ ወንበሩን ይዤ ቀረሁ።

"ዝናብ የለም" አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው። "ማሽላው አርሯል። ዘንድሮ ጌታ ከለከለን።"

አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሽማግሎች ሲያቀረቅሩ አይቻለሁ፤ የተባለው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባቸው እነሱ ናቸው።

ሰብሳቢው ፊቱ ያለውን ስክሪን አየ። ቀደም ብለው ሲጠየቁ በቂ ነው ብለዋል አለ። የዘሩ ወሬ ሲሰማ ነው እንዴ የደረቀው ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው ወደ ሰዉ ዞረና ፈገግ አለ፦

"አባቴ፣ እኛ እዚህ የምንለካው እርጥበት ነው፤ እርጥባን አይደለም።"

አዳራሹ ሳቀ። ሁሉም አይደለም፤ ግን የሳቀው በቂ ነበር። ደህና ቀልድ ነው፤ ቃሉ ይገጥማል። ለለማኝ የምትጣለዋን ሳንቲም እርጥባን እንላለን፤ አባቴ በዕድሜያቸው ሰጥተዋት እንጂ ተቀብለዋት አያውቁም። መሪያችን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ይነካካ ነበር። ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ጮኽኩም። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ አራት ማዕዘኑ አስረዳሁ። የቤተሰብ ጉዳይ ስላለብኝ ሐሳብ መስጠት እንደማልችል ተነገረኝና ወደሚቀጥለው ቀበሌ ታለፈ። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ አባቴ ወጥተዋል።

ባጃጅ ተራ ላይ ደረስኩባቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተሳፈሩና ሄዱ።

ካርታው እንደነበረ ጸደቀ። ወንድሜ ሐምሌ እስኪገባም አልቆየም። እናቴን ደሴ የቀን ሥራ ተገኘ ብሎ ተሰናበታት፤ ምግብም ቋጠረችለት። እውነቱን የነገረው ለአባቴ ብቻ ነው። ከመሄዱ በፊት ማሳውን ገልብጦ አርሶላቸው ነበር፤ ዘር ሳይኖር ለምን እንዳረሰው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት ያ ኮሚቴ ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል ብሎ ይሆናል።

ከዚያ ሐምሌ ዘነበ። ማሾ ቢዘራበት ለጎረቤት የሚተርፍ ምርት የሚሰጥ ዝናብ፤ ሳያቋርጥ፣ ሳያጥብ፣ እየሰረገ። ኮምፒዩተሩም ዘነበ አለ፣ ልክ ነበር። ቀይ በተቀቡት ቀበሌዎች ሰዉ ዘሩን እየበተነ ነው። ሥራዬን ትቼ ወደ ቤተሰቦቼ ወረድኩ።

አባቴ በራፉ ላይ ተቀምጠው ማሳውን ያያሉ። የታረሰው አፈር ውኃውን እየጠጣ ጠቁሯል። አንድ ጎረቤት የማዳበሪያ ከረጢት ተከናንቦ ሲያልፍ ቆም አለና ራህመት ወረደ፣ አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ አላቸው። አባቴ አልመለሱለትም። ሰውየው ያልሰሙት መስሎት ደገመላቸው። ዝም ሲሉት ወደ እኔ አየ፤ እኔም አጎነበስኩ፤ ግራ ተጋብቶ ሄደ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ወንድሜ የተሰማ ነገር ካለ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት።

"ሰው ፊት ቆሜ ከለከለን ብዬ ከሰስኩት" አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። "እሱ ይኸው ሰጠ። አሁን በየትኛው ፊቴ ነው አልሐምዱሊላህ የምለው?"

ለዚህ መልስ ነበረኝ። በልጉ በእውነት ቀርቶ ነበር፤ ሐሰት አልተናገሩም፤ የተሳሳተው ካርታው ነው፤ ያላገጠው ሰብሳቢው ነው። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር፣ አንዱም ከአፌ አልወጣም። ዝናቡ እስኪመሽ አላባራም። የአባቴ ማሳ ያን ቀን በእውነት ረጥቦ ነበር።